ጋሽ ደገፉ የከፈቱት መደብ

የጋሽ ደገፉን ሞት የሰማሁት ከማኅበሩ ሊቀ መንበር ከአቶ ግርማ ነው፤ ያውም መርዶ ሊነግሩኝ ደውለው ሳይሆን የሶፍትዌር ጥያቄ ሊጠይቁኝ። «ሰላምዬ፣ አንድ ጡረተኛ አባል ሲያርፍ ወደ ሌላ መደብ የሚዛወረው በየት በኩል ነው? ጠፋብኝ» አሉ። እኔም እንደ ልማዴ በስልክ እየመራሁ «መጀመሪያ ስሙን ይፈልጉት» አልኳቸው። ቀስ ብለው «ደ፣ ገ፣ ፉ» እያሉ ፊደሉን ሲለቅሙ ሰማሁ። «የትኛው ደገፉ?» አልኩ። እሳቸውም ነገሩ ገባቸውና «ውይ! አልሰማሽም እንዴ? ከትናንት ወዲያ ቀበርናቸው እኮ» አሉኝ።

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ቀጥሎ ደግሞ ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን እስካሁን አላውቅም። ጋሽ ደገፉ ዘመዴ አልነበሩም፣ የሰፈሬም ሰው አይደሉም። ሶፍትዌር ልተክልላቸው ሄጄ ስድስት ሳምንት አብሬያቸው የሠራሁ የአንድ ማኅበር ጸሐፊ ናቸው። ቢሆንም በዕድሜዬ እንደ እሳቸው አፌን ያስያዘኝ ሰው የለም።

ማኅበሩ አዳማ የሚኖሩ፣ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሹፌሮች መረዳጃ ነው። አባል ሲታመም ያሳክማል፣ ሲሞት ቤተሰቡን ይደጉማል፣ መስከረም ሲጠባ ለአባላት ልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ ይገዛል። ቢሮው በወለንጪቲ መውጫ፣ ተሳቢዎቹ ከሚቆሙበት ሜዳ ጀርባ ያለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። የአዳማ ንፋስ አቧራውን በበሩ ስር እየላከ ጠረጴዛውን ያለብሰዋል። ጋሽ ደገፉ በየግማሽ ሰዓቱ በእጃቸው ጠረግ ያደርጉታል፤ ንፋሱም ይመልሰዋል። ከሃያ ዓመት በላይ ተሳቢ ነድተው፣ ጉልበታቸው እምቢ ሲል ነው እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡት።

የአባላቱ ካርድ በሁለት የቆርቆሮ ሳጥን ተደርድሯል። ስም በቀለም ይጻፋል፣ መደብ በእርሳስ። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ስሙ እናቱ ያወጣችለት ነው። ረዳት፣ ሹፌር፣ ጡረተኛ የሚለውን ግን መንገዱ ነው የሚቀያይረው» አሉኝ። የሞተ አባል ካርድ ማውጣት ሲኖርባቸው መጀመሪያ ቆባቸውን ያወልቃሉ፤ ካርዱን ሲመልሱ መልሰው ያጠልቁታል። ብቻቸውን ሆነው ሳሉም በመስኮት አይቻቸዋለሁ፤ ያው ነው።

ያኔ እኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ላፕቶፔን ዘርግቼ ሶፍትዌሩ ይዟቸው የሚመጣቸውን የአባልነት መደቦች አነበብኩላቸው። መደበኛ፣ ተባባሪ፣ የክብር፣ ነፃ፣ የቦዘነ።

«የመጨረሻው ምንድን ነው?» አሉ።

«መዋጮ ያቋረጠ፣ የማይሳተፍ አባል ነው ጋሼ።»

«ሹፌር ጎማ ፈንድቶበት ሦስት ቀን በረሃ ላይ ሲያድር ቦዘነ ይባላል?»

«ሶፍትዌሩ የሚያውቀው እሱን ነው።»

«እንግዲያው አስተምሪዋ። እኔንም አስተምረውኝ ነው ሹፌር የሆንኩት።»

በማግስቱ የራሳቸውን መደቦች በወረቀት ጽፈው ጠበቁኝ። አሽከርካሪ፣ ረዳት፣ ጡረተኛ፣ የሟች ቤተሰብ። አሽከርካሪ ሙሉ መዋጮ ይከፍላል፣ ረዳት ግማሽ፣ ጡረተኛ የአቅሙን፣ የሟች ቤተሰብ ምንም። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነበር። ቀጥሎ ያመጡት ነገር ግን ሁለት ቀን አስቀመጠኝ። በማኅበሩ ልማድ አንድ ረዳት መንጃ ፈቃድ ያወጣ ዕለት ያስተማረው ሹፌር እጁን ይዞ ቢሮ ያመጣዋል፤ የመጀመሪያውን ሙሉ መዋጮም ከኪሱ ይከፍልለታል። ጋሽ ደገፉ ያን ጊዜ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ያ ጉልበታቸው እየጮኸ፣ በሁለት እጃቸው ይጨብጡታል። ታዲያ ሶፍትዌሩ ላይ «ያስተማረው» የሚል ቦታ ይኑር አሉ። እኔ ደግሞ ከፋዩ ከአባሉ የተለየ ሊሆን አይችልም ብዬ ሞገትኩ።

«ሰው ብቻውን ሹፌር ሆኖ አያውቅም» አሉኝ። «ያስተማረው ማን እንደሆነ ካልያዘማ ይሄ መዝገብ አይደለም፣ የስልክ ቁጥር ማጠራቀሚያ ነው።»

ቦታውን ሠራሁላቸው። እሳቸው ደግሞ ሞሉት፤ ካርድ ሳያወጡ፣ በቃላቸው። እከሌን ያስተማረው እከሌ ነው፣ እሱን ያስተማረው ደግሞ እከሌ፣ እሱንም እከሌ፤ እስከ ሦስትና አራት ትውልድ ይቆጥራሉ። ከሦስት መቶ በላይ ሰው ነው እንግዲህ። አንድ ቀን መብራት ጠፋ፣ ላፕቶፔም ባትሪው አለቀ። እሳቸው መጻፍ ማቆሜን እንኳ ስላልተረዱ መናገራቸውን ቀጠሉ፤ እኔም በወረቀት እየሮጥኩ ተከተልኳቸው። በኋላ ከካርዶቹ ጋር አስተያየሁት። አንድ ስህተት ብቻ አገኘሁ። ሹፌር ከሆነ ዓመት ያለፈውን አንድ ልጅ ረዳት ብለውታል። ያስተማረው ሰው ታሞ ስለነበር ማንም እጁን ይዞ አላመጣውም፤ እሳቸው የበዓል ፈቃድ ላይ ሳሉ ብቻውን መጥቶ ከፍሎ ሄዷል።

እኔማ በደስታ ነው የነገርኳቸው፤ በመጨረሻ ያዝኳቸዋ! ፊታቸው ሲለዋወጥ ሳይ ግን ደነገጥኩ። «ዓመት ሙሉ ረዳት እያልኩ ስጠራው ዝም አለኝ?» አሉ። ወዲያው ባጃጅ አስጠርተው ልጁ ቤት ሄዱ፤ እኔም ነገሩ የተጋነነ ስለመሰለኝ ለማየት ተከተልኩ። ልጁ በሳቅ ሊሞት ሆነ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ረስቼዋለሁ!» አላቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም። «አንተ ልትረሳው ትችላለህ፣ እኔ ጸሐፊ ነኝ» ብለው እጁን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። በመመለሻችን ባጃጅ ውስጥ ያ ሁሉ ደስታዬ አሳፈረኝ።

ሰውን ሲቀበሉ «እንዴት አደርክ» አይሉም። «የት አደርክ?» ነው የሚሉት። ሹፌሩ መተሐራ ይላል፣ ሚሌ ይላል፣ ሎጊያ ይላል፤ እሳቸው ከካርዱ ጀርባ ያሰፍሩታል። ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የምትመጣ ጫልቱ የምትባል ሴትም ነበረች። ትውልዷ ደራ ነው፤ አዳማ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች። የባሏን የከድርን መዋጮ ይዛ ትመጣለች። ጋሽ ደገፉ «አካም ጅርታ፣ ጫልቱ?» ይሏታል። «ፈያ ጋሼ፣ ገለቶማ» ትላለች። «ከድርስ የት አደረ?» ሲሏት «መንገድ ላይ ነው ጋሼ» ትላቸዋለች። እሳቸውም ይጽፋሉ። ባሏ ጅቡቲ የሚመላለስ እንደ ማንኛውም ሹፌር መስሎኝ ምንም አልጠየቅኩም።

ሥራዬን ቶሎ ጨርሼ ለመገላገል የቸኮልኩበት ሳምንት ነበር። አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ለጋሽ ደገፉ ሳልነግር፣ የሶፍትዌሩን አውቶማቲክ ሕግ ከፈትኩት። መንጃ ፈቃዱ ጊዜው ያለፈበት አባል ይታገዳል፤ መታገዱም በስልኩ በመልእክት ይነገረዋል። አሥራ አንድ መልእክት ወጣ። እኔም ካረፍኩበት ክፍል ሆኜ በራሴ ሥራ ተደሰትኩ።

አምስት ሰዓት ላይ ቢሮው ደርሼ ላፕቶፔን እየከፈትኩ ሳለ ጫልቱ እየሮጠች ገባች። ሻሿ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ተጣብቋል። በእጇ አንዲት ትንሽ፣ ያረጀች ስልክ ይዛለች።

«ጋሼ! ለከድር መልእክት መጣለት! ሰው ጻፈለት!»

ነገሩን ኋላ ነው የተረዳሁት። ከድር ጭነት ይዞ ከወጣ ሦስት ዓመት አልፎታል። መኪናው ከአዋሽ ወዲያ መንገድ ዳር ቆሞ ተገኘ፤ እሱ ግን አልተገኘም። ሁለት ስልክ ነበረው፤ አንዱን ቤት ትቶት ነው የሄደው፤ ማኅበሩ ዘንድ የተመዘገበውም ቁጥር ያ ነው። ጫልቱ ሦስት ዓመት ሙሉ ቻርጅ እያደረገች በጡቷ መሃል ይዛው ዞራለች። አማርኛ ብዙ አታነብም። የቴሌን መልእክት ግን በመልኩ ታውቀዋለች፣ የባሏንም ስም ከማኅበሩ ካርድ ላይ ለይታ ታውቃለች። ይሄኛው መልእክት ደግሞ «ከድር» የሚል ስም አለበት። እንግዲህ ከድርን የሚያውቅ ሰው አንድ ቦታ አለ ማለት ነው ብላ፣ ሽንኩርቷን ሜዳ ላይ ጥላ መጣች።

«ያንብቡልኝ ጋሼ፣ ምን ይላል?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጋሽ ደገፉ ስልኩን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። አንድ ጊዜ ለራሳቸው አነበቡት። ሊዋሹላት ይችሉ ነበር፤ የቴሌ ነው ቢሏት ታምናቸዋለች። አልዋሹም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዳለ አነበቡላት። «ክቡር አቶ ከድር፣ የመንጃ ፈቃድዎ ጊዜ ስላለፈ አባልነትዎ ታግዷል።»

«ማነው የጻፈው?»

ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ። «የጻፈው ማሽን ነው ጫልቱ። ከድርን የሚያውቅ ሰው አይደለም። ማሽኑን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በይኝ» አሉና ያን ረጅም ቁመታቸውን ጎንበስ አደረጉላት።

ጫልቱ አላለቀሰችም። ስልኩን ተቀብላ መስታወቱን በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። «የሚያውቀው ሰው መስሎኝ እኮ ነው» አለች። ከዚያ ሽንኩርቷ ትዝ አላትና ወጣች። ከላፕቶፑ ጀርባ ሆኜ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ ለምን የእኔ ነው አሉ?» አልኳቸው።

«አንቺ ከድርን አታውቂውም፤ እኔ አውቀዋለሁ፣ ግን አልነገርኩሽም። ታዲያ የማን ነው?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ጉዳይ አንድም ቃል አልወቀሱኝም።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ስህተቴ ተድበስብሶ የኖረውን አደባባይ አወጣው። ቅዳሜ ኮሚቴው ተሰበሰበ። አቶ ግርማ ደግ ሰው ናቸው፤ ያቀረቡትም ሐሳብ የደግ ሰው ነበር። ፈቃዱ ጊዜው ያለፈበትን ሰው አሽከርካሪ ብለን ልንይዝ አንችልም፤ የከድር ቤተሰብ ወደ «የሟች ቤተሰብ» ይዛወር፤ ጫልቱ ከመዋጮ ትገላገላለች፣ ሁለቱ ልጆቿም በመጪው መስከረም ሙሉ ድጋፍ ያገኛሉ። የሚቀረው የእሷ ፊርማ ብቻ ነው። ካልፈረመች ግን ከድር ታግዶ ይቆያል፤ የታገደ አባል ልጆች ደግሞ ምንም አያገኙም።

ጫልቱ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች። ወረቀቱ ሲሰጣት አልተቀበለችም።

«እኔ አልፈርምም» አለች። «ባሌን በፊርማ አልገድለውም።»

«እህቴ፣ ለልጆችሽ ብለን እኮ ነው» አሉ አቶ ግርማ።

«አውቃለሁ። አላህ ይስጥልኝ። ግን አልፈርምም።»

ልጆቹ ያለ ደብተር ሊቀሩ ነው፤ እሷም ይህን አጥታው አይደለም። እኔ ስክሪኔ ላይ አራት መደብ ብቻ ነው የማየው፤ ከአራቱ አንዱም ለከድር አይሆንም። እውነቱን ለመናገር በሆዴ አቶ ግርማን ነበር የደገፍኩት።

«ሰላም» አሉ ጋሽ ደገፉ፣ «አዲስ መደብ ለመክፈት ስንት ደቂቃ ይፈጅብሻል?»

«አንድ ደቂቃ ጋሼ።»

«ክፈችው። ስሙን መንገድ ላይ በይው። ቤተሰቡ እንደ አሽከርካሪ ቤተሰብ ሙሉ ድጋፍ ያገኛል።»

«መዋጮውስ?» አሉ አቶ ግርማ። «ፈቃድ የለው፣ መዋጮ የለው፤ የታገዱት አሥሩ ነገ መጥተው ቢጠይቁን ምን ልንል ነው?»

ጋሽ ደገፉ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አቧራ በእጃቸው ጠረጉ። «ከድር መዋጮ የለበትም» አሉ። «መዋጮ ያለብን እኛ ነን። ወደ ታች የሚወርድ እያንዳንዱ ሹፌር በየደረሰበት ስለ ከድር ይጠይቃል። ሲመለስ እዚህ መጥቶ የት እንደጠየቀና ምን እንደተባለ ይነግረኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። የዚህ መደብ መዋጮ እሱ ነው።»

«እስከ መቼ?»

«እሷ እስከፈቀደች ድረስ።»

አቶ ግርማ ራሳቸው የዚያ መንገድ ሹፌር ናቸው። ወደ እኔ ዞረው «ጻፊው» አሉኝ። እኔም በብሩ ቦታ ዜሮ አስገብቼ፣ በመግለጫው ቦታ የጋሽ ደገፉን ቃል እንዳለ ጻፍኩ። ማኅበር ማለት አባል የሚከፍልበት፣ ድርጅት የሚሰበስብበት ነገር ነው ብዬ ነበር የማምነው፤ በየሄድኩበትም ሶፍትዌሩን የምተክለው በዚያ እምነት ነው። ማኅበር ለአንድ ለጠፋ ሰው ባለዕዳ ሲሆን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሥራዬን ጨርሼ ሄድኩ። ሁለት ዓመት አለፈ። በበዓል በበዓል ይደውሉልኝና «የት አደርሽ?» ይሉኝ ነበር፤ ስለ ከድር ግን አንሥተን አናውቅም። እንደዚህ ያለ ነገር መጀመሪያ ሰሞን ይሞቅና ይቀራል ብዬ ገምቼ ስለነበር መጠየቁን ፈራሁ።

መርዶውን በሰማሁ ማግስት ለቅሶ ደርሼ፣ ከዚያ ከአቶ ግርማ ጋር ወደ ቢሮው ሄድን። ጫልቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ጋሼ ለከድር የጻፉት አለ ይላሉ። እስቲ አንብቢልኝ» አለችኝ።

የከድርን ፋይል ከፈትኩ። ቢበዛ አሥር፣ አሥራ አምስት መስመር ነበር የጠበቅኩት። ገጹ ወደ ታች ቢሉት ወደ ታች አያልቅም። አቶ ግርማ እንደነገሩኝ ጋሽ ደገፉ በአንድ ጣታቸው እየለቀሙ ራሳቸው ነበር የሚጽፉት፤ ሌላ ሰው ልጻፍልዎት ቢላቸው እምቢ ይሉ ነበር። ቢሮ ሳይመጣ የቀረውን ሹፌርም በስልክ እያሳደዱ ይጠይቁታል። ማንበብ ጀመርኩ።

«ሎጊያ። ጎማ ጠጋኙ ተጠየቀ። አላየሁም አለ።»

«ገላፊ። የሻይ ቤቷ ሴት ተጠየቀች። ታስታውሰዋለች፤ ከዚያ ወዲህ አላየችውም።»

«ሚሌ። ጤና ጣቢያ ተጠየቀ። በስሙ የተኛ የለም።»

«አዋሽ። መስጊድ ተጠየቀ። ዱዓ እናደርግለታለን አሉ።»

እያንዳንዱ መስመር ቀን አለው፣ የጠየቀው ሹፌር ስም አለው። ያን ያህል ሰው ጠይቋል። ዓመት ሙሉ በስህተት ረዳት ሲባል የከረመው፣ ባጃጅ ይዘን ቤቱ የሄድንለት ልጅ ብቻውን ብዙ ቦታ ጠይቋል። መሃል ላይ ስደርስ አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «አዋሽ፣ መኪናው የተገኘበት ቦታ። በአካባቢው ያሉ እረኞች ሁሉ ተጠየቁ። የለም» ይላል፤ ጠያቂው «ደገፉ» ነው። በዚያ ጉልበታቸው በአውቶቡስ ሄደዋል ማለት ነው። አቶ ግርማም አያውቁም ነበር፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጫልቱ የየቦታው ስም ሲነበብ «እሺ» ትላለች። ከአራት ሰዓት እስከ ምሳ ሰዓት አነበብኩ። የመጨረሻው መስመር ጋሽ ደገፉ ከማረፋቸው ሳምንት በፊት የተጻፈ ነው።

«የቀረ ቦታ አለ?» ብላ አቶ ግርማን ጠየቀቻቸው።

«ከዚህ እስከ ጅቡቲ ያልተጠየቀ ቦታ የለም እህቴ» አሉ።

ጫልቱ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

«እንግዲያው ይበቃል። ሰው አይድከም። ቀይሪው» አለችኝ።

«ጫልቱ፣ ዛሬ ካልሆነ የሚል የለም እኮ» አልኳት።

«ቀይሪው አልኩሽ።»

«የሟች ቤተሰብ» የሚለውን መረጥኩ። ሶፍትዌሩ ግን አላሳልፍ አለኝ፤ የሞተበትን ቀን ይጠይቃል። ያን ቦታ ሳይሞላ አይታለፍም ብዬ የሠራሁት እኔው ነኝ። አቶ ግርማ ቀስ ብለው «መኪናው የተገኘበትን ቀን ብታደርጊውስ?» አሉ።

«አይሆንም» አለች ጫልቱ። «ያን ቀንማ ገና መፈለግ መጀመራችን ነው። የዛሬን ጻፊ። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ይፈለግ ነበር።»

የዛሬውን ቀን ጻፍኩ።